እንቆቆ የኮሶ ትልን በእርግጥ ይገድላል? ፍሬውን በቤተ ሙከራ ለመፈተሽ ዝርዝር መመሪያ

እንቆቆ እንደ ኮሶና እንደ መተሬ ሁሉ ትል ለማስወጣት ሲጠጣ የኖረ ፍሬ ነው። ጥሬ ሥጋና ለብ ለብ ክትፎ በሚወደድበት አገር ቴኒያ ሳጂናታ የተባለው የኮሶ ትል አልጠፋም፤ መድኃኒቱም አብሮት ኖሯል። «እንቆቆ ይሠራል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ግን ሲፈታ ሦስት ይሆናል። ትሉን ይገድላል ወይስ አደንዝዞ ብቻ ይተወዋል? የሚሠራው የትኛው ክፍሉ ነው፣ በምን ያህል መጠን? በዚያ መጠንስ ጠጪውን ይጎዳል?

ይህ መመሪያ ቤተ ሙከራ ላላቸው የፋርማሲ፣ የባዮሎጂና የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎችና መምህራን የተዘጋጀ ነው። ለመታከሚያ የሚሆን አወሳሰድ እዚህ አይገኝም፤ የኮሶ ትል ያለበት ሰው ጤና ተቋም ሄዶ በአንድ ጊዜ የሚዋጥ ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ ቢያገኝ ይሻለዋል።

አንድ ነገር ከመነሻው ይያዝ። በዚህ ዓይነት ሥራ በጣም የሚያሳስተው የፍሬው ድክመት ሳይሆን ማነጻጸሪያ ማነሱ ነው። ትል በአልኮል ይሞታል፣ በኮምጣጣ ውሃ ይሞታል፣ ከአንጀት ወጥቶ ስለቆየ ብቻም ይሞታል። እነዚህን ሞቶች ሳይቀንስ «እንቆቆ ገደለው» የሚል ውጤት ዋጋ የለውም።

ፈቃድና ፍሬ

ወረቀቱን አስቀድሙ። የጄኔቲክ ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን ስለማግኘት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ስለሚመለከታችሁ፣ ምን ዓይነት ፈቃድ እንደሚያስፈልጋችሁ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ጠይቁ። እንስሳ ለሚነካው ክፍል ደግሞ የተቋማችሁ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ማጽደቅ አለበት። ሥራው ካለቀ በኋላ የሚጠየቅ ፈቃድ ማንም አይሰጥም።

ቀጥሎ የፍሬው ማንነት ነው። እንቆቆ በሳይንሳዊ ስሙ ኤምቤሊያ ሺምፔሪ፣ በደጋና በወይና ደጋ ጫካ የሚበቅል ሐረግ መሳይ ቁጥቋጦ ነው። ሁለት ዘመዶች አሉት። አንዱ ቀጨሞ፣ ማይርሲን አፍሪካና፣ እሱም ለኮሶ ትል ይጠጣል። ሌላው ቀለዋ፣ ማኤሳ ላንሲዮላታ። የሦስቱም ፍሬ ድቡልቡልና ትንሽ ስለሆነ ደርቆ ከረጢት ውስጥ ሲገባ መለየቱ ያስቸግራል። ለፈጣን ማጣሪያ ሃያ ፍሬ በምላጭ ለሁለት ክፈሉ። እንቆቆና ቀጨሞ በውስጣቸው አንድ ዘር ብቻ አላቸው፤ ቀለዋ ግን ብዙ ጥቃቅን ዘሮች አሉት። ቀጨሞን ከእንቆቆ የሚለየው በዋናነት ቅጠሉ ነው፤ የቀጨሞ ቅጠል ትንሽ ሆኖ ዳሩ ጥርስ አለው። ስለዚህ ከገበያ በተገዛ ደረቅ ፍሬ ሥራ አትጀምሩ። ከተክሉ ላይ ራሳችሁ ልቀሙ። ቅጠልና ፍሬ ያለበትን ቅርንጫፍ በጋዜጣ መሐል ተጭናችሁ አድርቁና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወዳለው ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ወደሚቀመጥበት ክፍል፣ አስገቡ። የሚሰጣችሁ መለያ ቁጥር ሪፖርታችሁ ላይ ይሰፍራል። ቦታውን፣ ከፍታውን በሜትርና የተለቀመበትን ቀን እዚያው ጻፉ።

ግማሽ ኪሎ ደረቅ ፍሬ ለሙሉ ሥራው ይበቃል፤ ከዚያ ላይም ተርፎ ይቀመጣል።

የባህል መድኃኒት አዋቂ አብሯችሁ ከሠራ የሚያዝዙትን መጠን በቃል አትቀበሉ፤ ለአንድ ሰው የሚሰጡትን አሥር ጊዜ እንዲሰፍሩላችሁ አድርጉና እያንዳንዱን በሚዛን መዝኑ። አማካዩን ብቻ ሳይሆን ትንሹንና ትልቁንም መዝግቡ። ልዩነቱ እጥፍ ከሆነ እሱ ራሱ ስለ መድኃኒቱ ደኅንነት የሚናገረው አለ።

ማድረቅና መፍጨት

ፍሬውን በጥላ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ ሰፌድ ወይም ንጹሕ ጨርቅ ላይ በስሱ አስጡ። ፀሐይ ላይ አታድርጉት። በየቀኑ አገላብጡ። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል፤ በክረምት ከዚያም ይበልጣል። የሻገተውን ለቅማችሁ ጣሉ፤ የሻጋታ መርዝ ከፍሬው ወደምታወጡት ጭምቅ ገብቶ በኋላ በአይጦቹ ላይ የምታዩትን ጉዳት የእንቆቆ ያስመስልባችኋል።

የምትፈጩት በሸክላ ወይም በድንጋይ ሙቀጫ አሊያም በማይዝግ ብረት ወፍጮ ይሁን። የእንቆቆ ዋና ንጥረ ነገር የሆነው ኤምቤሊን ከብረትና ከመዳብ ጋር ተጣብቆ ቀለሙን ይለውጣል፤ የዛገ ዘነዘና ናሙናውን ያበላሻል። ወፍጮው እንዳይግል በየግማሽ ደቂቃው አሳርፉት። ዱቄቱን በ0.5 ሚሊ ሜትር ወንፊት ንፉ።

የእርጥበት ልኬት፦ 2 ግራም ዱቄት በ105 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አቆዩ። 2.00 ግራም የነበረው 1.82 ከሆነ እርጥበቱ 9 በመቶ ነው። ከ10 በመቶ በላይ ከሆነ እንደገና አስጡ። ለዚህ ልኬት የዋለውን ዱቄት ለሌላ ሥራ አትጠቀሙበት።

ከተቻለ ከመፍጨታችሁ በፊት የተወሰነውን ፍሬ ልጣጭና ዘር ለይታችሁ ለየብቻ ፍጩ። «የእንቆቆ ዘር ይሠራል» እና «የእንቆቆ ፍሬ ይሠራል» ሁለት የተለያዩ አባባሎች ናቸው፤ የተፈተነው የቱ እንደሆነ መታወቅ አለበት።

መዘፍዘፍ፤ ብዙ ሙከራ የሚከሽፍበት ደረጃ

ሁለት ዓይነት ዝግጅት ጎን ለጎን ይሠራ፤ አንዱ ባህሉን የሚመስል፣ ሌላው የኬሚስቱ።

ባህላዊው ቀላል ነው። 5 ግራም ዱቄት በ50 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩ። ጠዋት በደንብ በጥብጡና ለሁለት ክፈሉት፤ ግማሹን በማጣሪያ ወረቀት አጣሩ፣ ግማሹን ከነአተላው ተዉት። ሁለቱም ለየብቻ ይፈተናሉ። ምክንያቱ ኤምቤሊን በውሃ የማይሟሟ መሆኑ ነው። ያጣራችሁት ውሃ ብቻ ቢፈተን ዋናው ነገር ወረቀቱ ላይ ቀርቶ «በውሃ የተዘጋጀው አይሠራም» ትላላችሁ። ጠጪው ግን ዱቄቱን አብሮ ይጠጣዋል።

ለሁለተኛው፦

1. 800 ሚሊ ሊትር ሜታኖል ከ200 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ጋር ቀላቅሉ። የሚሸጠውን የተበረዘ ስፒሪት አትጠቀሙ፤ በውስጡ ያለው ማበላሻ ራሱ መርዝ ነው።
2. 100 ግራም ዱቄት ጨምሩበትና ክዳን ባለው ጠርሙስ ለ72 ሰዓት ዘፍዝፉ። መነቅነቂያ ካለ በደቂቃ 120 ዙር፤ ከሌለ በቀን አራት አምስት ጊዜ በእጅ ነቅንቁ።
3. መጀመሪያ በጨርቅ፣ ቀጥሎ በዋትማን ቁጥር 1 ማጣሪያ ወረቀት አጣሩ። አተላውን በአዲስ አሟሚ ሁለት ጊዜ ደግማችሁ ዘፍዝፉና ሦስቱን ማጣሪያ አንድ ላይ ቀላቅሉ።
4. ሜታኖሉን በሮታሪ ኢቫፖሬተር (እያሽከረከረ በዝቅተኛ ግፊት በሚያተንን መሣሪያ) ከ40 ዲግሪ ሳይበልጥ አትንኑ። የቀረውን ውሃ በፍሪዝ ድራየር (አቀዝቅዞ በሚያደርቅ መሣሪያ) አድርቁ፤ ከሌለ በሰፊ ሳህን 40 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ።
5. ክብደቱ በተከታታይ ሁለት ቀን ካልተለወጠ ደርቋል። 100 ግራም ዱቄት 14.2 ግራም ጭምቅ ከሰጠ ምርቱ 14.2 በመቶ ነው። በጨለማ ጠርሙስ፣ በማቀዝቀዣ አስቀምጡ።

ሜታኖል ዓይን ያጠፋል፣ በቀላሉም ይቀጣጠላል። ጭስ መሳቢያ ሥር ሥሩ፤ የደረቀው ጭምቅ ላይ ሽታው ካለ ለእንስሳ አትስጡ።

ጭምቁ አልደርቅ ብሎ እንደ ሙጫ ከተጣበቀ ዘይቱ ነው። እዚህ ላይ ወጥመድ አለ። ብዙ የቤተ ሙከራ መጻሕፍት «ቅባቱን በሄክሳን አስቀድመህ አውጣ» ይላሉ፤ ለሌላ ዘር መልካም ምክር ነው። ሄክሳን ግን ኤምቤሊንን ጭምር ይወስዳል። ቅባት አወጣሁ ብላችሁ የደፋችሁት ፈሳሽ መድኃኒቱ ራሱ ሊሆን ይችላል። ብርቱካናማ ቀለም ያለውን ሄክሳን እንዳትደፉ፤ ቀዝቃዛ ቦታ አሳድሩት፣ ብርቱካናማ ክሪስታል ሊወርድላችሁ ይችላል። ንጹሕ ኤምቤሊን በ142 እና በ143 ዲግሪ መካከል ይቀልጣል። የእናንተው በ130 መቅለጥ ከጀመረ ገና አልጸዳም።

ኤምቤሊን መኖሩን ማረጋገጥ

1 ግራም ዱቄት በ20 ሚሊ ሊትር ዳይኤቲል ኤተር አምስት ደቂቃ ነቅንቁ፣ አጣሩ። ከማጣሪያው 5 ሚሊ ሊትር ወስዳችሁ 1 ሚሊ ሊትር ቀጭን አሞኒያ ጨምሩ። ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ሐምራዊ ዝቃጭ ከታየ ኤምቤሊን ወይም የቅርብ ዘመዱ አለ። ጎን ለጎን በሽንብራ ዱቄት ደግማችሁ ቀለም እንደማይሰጥ አረጋግጡ። ኤተር ካለበት ክፍል ውስጥ እሳትም የሚበራ ምድጃም መኖር የለበትም።

ፈተናው ገደብ አለው። ቀጨሞም ኤምቤሊን አለው፣ ቀለዋም ተመሳሳይ ኪኖን (ኤምቤሊን የሚመደብበት ባለ ቀለም ንጥረ ነገር) አለው፤ ስለዚህ ቀለሙ ዘመድን ከዘመድ አይለይም። የሄርባሪየሙን ሥራ የሚተካ ነገር የለም።

የተለመደውን የንጥረ ነገር ምርመራ ስትሠሩ ደግሞ የአንትራኪኖን (የሌላ ዓይነት ኪኖን) ፈተና ላይ ተጠንቀቁ። ፈተናው የሚነበበው አልካሊ ሲጨመር በሚመጣ ቀይ ቀለም ነው፤ ኤምቤሊን በአልካሊ ሐምራዊ ስለሚሆን ቸኩሎ የሚያነብ ሰው «አንትራኪኖን አለ» ብሎ ይመዘግባል። ሳፖኒን፣ ታኒንና አልካሎይድን በተለመደው መንገድ ፈትኑ፤ ሳፖኒን በተለይ የትልን ቆዳ በራሱ ስለሚጎዳ መኖሩ መታወቅ አለበት። ቲኤልሲ (ንጥረ ነገሮችን በስስ ንጣፍ ላይ የሚለይ ዘዴ) ስትሠሩ ነጠብጣቡ ጅራት ካወጣ አሟሚው ላይ ጥቂት ፎርሚክ አሲድ ጨምሩ። ኤችፒኤልሲ (ንጥረ ነገሮችን ለይቶ የሚለካ መሣሪያ) ያለው ቤተ ሙከራ በ288 ናኖ ሜትር የብርሃን ሞገድ ሊለካው ይችላል።

በትሉ ላይ መፈተን

ቴኒያ ሳጂናታ በአይጥ ላይ አያድግም። ስለዚህ ተወካይ ትል ያስፈልጋል። የሚመረጠው በአይጥ የሚያድገው ሃይሜኖሌፒስ ናና ነው፤ ከተለከፈ በኋላ በሁለት ሳምንት ገደማ ይጎለምሳል። ይህ ትል ሰውንም ይይዛል፣ እንቁላሉም በቀጥታ ከእጅ ወደ አፍ ይተላለፋል፤ ያለ ጓንት አትንኩት። የአይጥ ቤት ከሌለ ከቄራ የበግ ትንሹን አንጀት ሁለቱን ጫፍ አሥራችሁ፣ ከታረደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ለብ ባለ የጨው ውሃ በፔርሙስ አምጡና ሞኒየዚያ የተባለውን ጠፍጣፋ ትል ፈልጉ። ሄሞንከስ በቀላሉ ይገኛል፣ ነገር ግን ድቡልቡል ትል ነው፤ ስለ ኮሶ ትል የሚነግረን ጥቂት ነው። የምድር ትል ደግሞ ጥገኛ እንኳ አይደለም። ለመለማመጃ ይሁን፤ በእሱ ላይ ብቻ ተመሥርቶ «የትል መድኃኒት አገኘን» ማለት አያስኬድም።

የመጠን አዘገጃጀት እንዲህ ነው። 100 ሚሊ ግራም ጭምቅ በ0.1 ሚሊ ሊትር ዲኤምኤስኦ (በውሃ የማይሟሟውን የሚያሟሟ ፈሳሽ) አሟሙ፤ 37 ዲግሪ የሞቀ፣ ፒኤቹ (የኮምጣጣነት መለኪያው) 7.4 የሆነ ፒቢኤስ፣ ማለትም ፒኤቹ እንዳይለዋወጥ የተዘጋጀ የጨው ውሃ፣ 9.9 ሚሊ ሊትር ጨምሩ። ይህ በሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ሲሆን ዲኤምኤስኦው 1 በመቶ ነው። ከዚህ 5 ሚሊ ሊትር ወስዳችሁ በ5 ሚሊ ሊትር ፒቢኤስ ስታቀጥኑ 5 ይሆናል፤ በዚሁ መንገድ 2.5፣ 1.25 እና 0.625 ድረስ ውረዱ። የምታቀጥኑበት ፒቢኤስ ግን ራሱ 1 በመቶ ዲኤምኤስኦ ያለበት ይሁን። በባዶ ፒቢኤስ ካቀጠናችሁ ከጭምቁ ጋር ዲኤምኤስኦውም እየቀነሰ ይሄድና የትኛው መቀነስ ውጤቱን እንዳመጣ አታውቁም።

ፈሳሹ ከደፈረሰ ኤምቤሊኑ እየዘቀጠ ነው። መጠኑን 10 ብላችሁ ብትጽፉም ትሉን የነካው ከዚያ ያነሰ ነው፤ መደፍረሱን መዝግቡ።

ፒኤቹን ለኩ። ጭምቁ ወደ 5 አውርዶት ከሆነ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ ለማድረግ ትፈተናላችሁ። አታድርጉት፤ ኤምቤሊኑ ሐምራዊ ጨው ሆኖ ሌላ ነገር ትፈትናላችሁ። ይልቁንም ፒኤቹ ልክ እንደ ጭምቁ የተደረገ ባዶ ፒቢኤስ እንደ ተጨማሪ ማነጻጸሪያ አስገቡ።

እንግዲህ ዘጠኝ ምድብ አላችሁ፦ አምስት የጭምቅ መጠን፣ ባዶ ፒቢኤስ፣ ፒቢኤስ ከዲኤምኤስኦ ጋር፣ ፒኤቹ የተስተካከለ ፒቢኤስ፣ እንዲሁም በሚሊ ሊትር 0.1 ሚሊ ግራም ፕራዚኳንቴል። ፕራዚኳንቴል በውሃ በደንብ ስለማይሟሟ መጠኑን ከዚህ ብዙ አታሳድጉ። በእያንዳንዱ ምድብ ሦስት ሳህን፣ በሳህኑ አምስት ትል፤ ጠቅላላው 135 ትል ነው። ባህላዊው ዝግጅት፣ የተጣራውም ያልተጣራውም፣ በሌላ ቀን በተመሳሳይ አኳኋን ይፈተናል። ከአንድ አይጥ የወጡትን ትሎች ወደ አንድ ሳህን አትጨምሯቸው፤ በየምድቡ በትኗቸው። ሳህኖቹን የሚሰይመው አንድ ሰው፣ የሚያነበው ሌላ ሰው ይሁን።

በ37 ዲግሪ አስቀምጣችሁ በ30 ደቂቃ፣ በ1፣ በ2፣ በ4 እና በ6 ሰዓት እዩ። ያልተንቀሳቀሰ ሁሉ አልሞተም። ቀጭን ብሩሽ አስነኩት፤ ካልተንቀሳቀሰ አጥባችሁ ንጹሕና ሞቅ ያለ ፒቢኤስ ውስጥ 30 ደቂቃ አቆዩት። እዚያ ከነቃ «የደነዘዘ»፣ ካልነቃ «የሞተ» ብላችሁ ለይታችሁ መዝግቡ። ይህ ልዩነት ለሕክምናው ትርጉም አለው፤ የደነዘዘ ትል የሚያስቀምጥ መድኃኒት ባይከተለው አንጀት ውስጥ ነቅቶ እንደገና ይጣበቃል።

ስሌቱ፦ በ2.5 ሚሊ ግራም ከ15 ትል 11 ከሞተ 73.3 በመቶ ነው፤ በዲኤምኤስኦው ማነጻጸሪያ 1 ከሞተ 6.7 በመቶ። የተስተካከለው ሞት የሁለቱ ልዩነት በማነጻጸሪያው ለተረፈው 93.3 ተካፍሎ 71.4 በመቶ ይሆናል። በማነጻጸሪያው ከ20 በመቶ በላይ ከሞተ የዚያን ቀን ሥራ ጣሉት፤ ትሎቹ ሲመጡም ደክመው ነበር። ፕራዚኳንቴሉ ፈጥኖ ካላኮማተራቸው ደግሞ መድኃኒቱ አርጅቷል ወይም አልሟሟም። ሙከራውን ቢያንስ በሦስት የተለያዩ ቀናት ድገሙና ግማሹን የሚገድለውን መጠን በፕሮቢት (መጠንንና ሞትን በሚያዛምድ የስታቲስቲክስ ስሌት) አስሉ።

በአይጥ ውስጥ

ሳህን ላይ የገደለ ሁሉ አንጀት ውስጥ አይገድልም፤ ምግብ፣ ሐሞትና የአንጀት መወራጨት መሐል ይገባሉ። በየምድቡ 12 አይጥ ይበቃል። አይጦቹ የራሳቸውን ኩስ በልተው እንዳይለከፉ የሽቦ ወለል ላይ ይኑሩ። ግማሾቹን ከሕክምናው 3 ቀን በኋላ፣ ግማሾቹን ከ2 ሳምንት በኋላ መርምሩ።

የሚቆጠረው የትሉ ራስ ነው። ኩስ ላይ የታየ ቁራጭ ማስረጃ አይሆንም። የኮሶ ትል ራሱ ከቀረ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ እንደገና ቁራጭ መጣል ይጀምራል፤ ለዚህም ነው «ወጣልኝ» ያለ ሰው ተመልሶ የሚመጣው። አንጀቱን ቀዳችሁ ለብ ባለ የጨው ውሃ አቆዩ፣ በማጉያ መነጽር ራሶቹን ቁጠሩ። በማነጻጸሪያው አማካይ 24 ራስ፣ በታከሙት 6 ከሆነ ቅነሳው 75 በመቶ ነው።

ጠጪውን ይጎዳል?

ይህ ክፍል ለይስሙላ የሚጨመር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ ጥናት ከሌላ የኤምቤሊያ ዝርያ የተገኘ መድኃኒትና ኮሶ በጫጩቶች ላይ የእይታ ጉድለትና የሬቲና ጉዳት ማምጣታቸውን አሳይቷል። ኤምቤሊን በአይጦች መራባት ላይ ተጽዕኖ እንዳለውም ተዘግቧል። ስለዚህ ጉበትና ኩላሊት ብቻ አይታችሁ «ደኅና ነው» አትበሉ።

ለአንድ ጊዜ መጠን ኦኢሲዲ የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ያወጣው 425 ቁጥር የመርዛማነት መፈተኛ መመሪያ በተለምዶ የሚሠራበት ነው። ሴት አይጦች ከ3 እስከ 4 ሰዓት ጾመው፣ መጀመሪያ ለአንዷ በኪሎ 2000 ሚሊ ግራም ይሰጣል፤ በ48 ሰዓት ውስጥ ካልሞተች ለአራት ተጨማሪ በየተራ። ሁሉም 14 ቀን ይጠበቃሉ። ከአምስቱ ሦስትና ከዚያ በላይ ከዳኑ ግማሹን የሚገድለው መጠን ከ2000 በላይ ነው። 25 ግራም ለምትመዝን አይጥ 50 ሚሊ ግራም ማለት ነው። በ0.25 ሚሊ ሊትር ብታደርጉት እንደ ገንፎ ወፍሮ በአፍ የሚሰጥበትን መርፌ ይደፍናል፤ በ0.5 በመቶ ካርቦክሲሜቲል ሴሉሎስ በጥብጣችሁ በ0.5 ሚሊ ሊትር ስጡ። ከመስጠታችሁ በፊት ነቅንቁ። አይጧ ወዲያው ካሳላትና ከተነፋነፈች ፈሳሹ ሳንባ ገብቷል፤ ሞቷን ለእንቆቆ አትቁጠሩት፣ ከመዝገቡ ግን አትሰርዙት።

ከአንድ ጊዜ መጠን ቀጥሎ 28 ቀን የሚሰጥበት የኦኢሲዲ 407 ሙከራ አለ። በመጨረሻው ቀን ከጉበት፣ ከኩላሊትና ከመራቢያ አካላት ጋር ሁለቱንም ዓይን አውጡና ሬቲናውን ለሚያነብ የፓቶሎጂ ባለሙያ ስጡ። ዓይን በፎርማሊን ውስጥ ሬቲናው ስለሚላቀቅ ለዓይን የሚመከረውን የዴቪድሰን ማቆያ ፈሳሽ ተጠቀሙ፤ ምን ዓይነት ማቆያ እንደሚፈልጉ አይጦቹ ከመታረዳቸው በፊት የፓቶሎጂ ክፍሉን ጠይቁ።

ይህ ሁሉ አልፎ ውጤቱ ጥሩ ቢሆን እንኳ ለሰው መስጠት የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንንና የሥነ ምግባር ኮሚቴን ፈቃድ የሚጠይቅ ሌላ ምዕራፍ ነው። እርጉዝ ሴቶች እዚያም አይካተቱም። ከተፈተነው ዱቄት 20 ግራም፣ ከጭምቁ 1 ግራም የሄርባሪየም ቁጥሩ ተጽፎባቸው በማቀዝቀዣ ይቀመጡ፤ ሌላ ቤተ ሙከራ ልድገመው ሲል የሚጠይቃችሁ እነሱን ነው።